ለመታቀፍ ያልተዘጋጀ ትከሻ

እስቲ የአራት ወር ሕፃን ከአልጋ ላይ ልታነሡ ስትሉ የሚሆነውን አስታውሱ። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጎንበስ ስትሉ፣ ገና ሳትነኩት፣ ሕፃኑ አውቆታል። ፊቱ ይለዋወጣል፣ ትከሻውን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ሰውነቱ ለመነሣት ይሰናዳል። ትንሽ ከፍ ብሎ ሲታዘልም እንደዚያው ነው፤ ጀርባ ላይ ልጥፍ ይላል። ይህን ማንም አላስተማረውም። እናትም ነገሬ ብላ አታየውም። የምታየው የቀረ ዕለት ነው።

በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠራ የነበረ ሊዮ ካነር የሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ስለ 11 ልጆች አንድ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ስምንቱ ወንዶች፣ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ነገር ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀው ይህ ጽሑፍ ነው። ስለ እሱ ሲወራ ሁሌም የሚነሣው የልጆቹ ብቸኝነት ነው፤ ነገሮች እንዳሉ እንዲቀጥሉ የነበራቸው ብርቱ ፍላጎት ነው፤ የንግግራቸው ነገር ነው። ካነር ግን መሀል ላይ ሌላም ነገር ጽፎ ነበር። የልጆቹ እናቶች፣ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ አንድ ዓይነት ነገር በግርምት ነግረውታል፦ ልጃቸው ሊያነሡት ሲሉ አይዘጋጅም ነበር። ትከሻው አይሰበሰብም። ከተነሣ በኋላም ሰውነቱን ከያዘው ሰው ሰውነት ጋር ለማስማማት ሁለትና ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል።

ካነር ይህን እንደ ፍቅር ምልክት አነበበው። ልጆቹ ከሰው ጋር የስሜት ትስስር የሚፈጥር ተፈጥሮ ጎድሏቸው ተወልደዋል አለ፤ ያልተዘጋጀውም ትከሻ አንዱ ማስረጃው ሆነ። መታቀፍን አልጠበቀም፣ ስለዚህ ሰው አልፈለገም እንደማለት ነው።

ሌላ ንባብም ይቻል ነበር። ሕፃኑ ሰው ፈልጎ፣ ነገር ግን ሰውነቱ ሊመጣ ያለውን እንቅስቃሴ ቀድሞ ማስላት አቅቶት ቢሆንስ? ይህችን ጥያቄ በላቦራቶሪ በደንብ ለመጠየቅ ስልሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያ ስልሳ ዓመት ውስጥ ደግሞ ልጆችም እናቶችም ብዙ ከፈሉ።

*

ከጅምሩ የታየ ነገር

የሚገርመው፣ የሰውነቱ ነገር ያልታየ ነገር አልነበረም። ከካነር 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1925፣ ሞስኮ ውስጥ ግሩንያ ሱካሬቫ የምትባል ኪየቭ የተወለደች ሐኪም ስለ ስድስት ወንዶች ልጆች ጽፋ ነበር። በማግስቱ ዓመት ጽሑፉ በጀርመንኛም ወጣ። የተጠቀመችበት ስም ሌላ ነው እንጂ ልጆቹን ዛሬ ላነበባቸው ሰው ማንነታቸው ግልጽ ነው። ሱካሬቫ ስለ አስተሳሰባቸውና ስለ ስሜታቸው ብቻ ጽፋ አላቆመችም። እንቅስቃሴያቸውንም አንድ በአንድ መዝግባለች፦ እጅና እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ ሲንቀሳቀሱ ድንገት ድንገት ነው፣ ለሥራው የማያስፈልግ ትርፍ እንቅስቃሴ ይበዛል። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው ግን በ1996 ነው። ሰባ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተኛ ማለት ነው።

ሃንስ አስፐርገርም በቪየና ይህንኑ አየ። በ1944 ባሳተመው ጽሑፍ ከገለጻቸው አራት ልጆች የመጀመሪያው በስፖርት ሰዓት ከሌሎቹ ልጆች ምት ጋር አብሮ መሄድ ፈጽሞ አይሆንለትም ነበር። እንቅስቃሴው ተፈታቶ፣ በራሱ ፈስሶ አይመጣም። ልብ በሉ፣ በዚያ ክሊኒክ ሙዚቃና የሰውነት እንቅስቃሴ የዕለት ሥራው አካል ነበር፤ ልጆቹን እያንቀሳቀሱ ነው ያጠኗቸው።

ስለ አስፐርገር ግን እዚህ ላይ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ዘመኑ የናዚ ዘመን ነው። በ2018 ሄርቪግ ቼክ የሚባል ኦስትሪያዊ የታሪክ ተመራማሪ ሰነዶችን መርምሮ እንዳሳየው፣ አስፐርገር አንዳንድ ልጆችን አም ሽፒገልግሩንድ ወደሚባለው ተቋም ልኳል። እዚያ 800 ገደማ ልጆች ሞተዋል፤ ብዙዎቹም ሆን ተብሎ ተገድለዋል። አንድ ልጅ ለኅብረተሰቡ "ይጠቅማል" ወይስ "አይጠቅምም" ተብሎ በሚመዘንበት አገር፣ እንዴት እንደሚናገርና እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መታየቱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ወደ ካነር ስንመለስ፣ እሱም ቢሆን አካሄዳቸውን አይቷል። ከ11ዱ ልጆች ጥቂቶቹ ሲራመዱና ትልልቅ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ይቸገሩ እንደነበር፣ በጣት ሥራ ግን ሁሉም የተካኑ እንደነበሩ ጽፏል። የመጀመሪያው ልጅ ዶናልድ ድስትና ክዳን፣ ያገኘውን ክብ ነገር ሁሉ እንደ እንዝርት ሲያሾር ይውል ነበር። የማይታዘዝ እግርና የተካነ ጣት በአንድ ሰው ላይ! ይህ ብቻውን አንድ ሙሉ የምርምር ጥያቄ ሊሆን ይችል ነበር። አልሆነም። የዘመኑ ሐኪሞች ዓይን ወደ ሌላ ቦታ ዞረ፤ ወደ እናት።

*

"አሳዳጊ የበደለው" በሳይንስ ልብስ

በእኛ ቋንቋ ልጅ ሲያጠፋ፣ ስድቡ ልጁን አልፎ ቤቱ ድረስ ይሄዳል፦ "አሳዳጊ የበደለው!" ይባላል። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው፣ ሐኪሞች ስላሉት ብቻ ሳይንስ መሰለ እንጂ። ካነር በ1943 ልጆቹ ችግሩን ይዘው ነው የተወለዱት ቢልም፣ ወላጆቻቸው ሙቀት የጎደላቸው ሰዎች እንደሆኑም ጽፎ ነበር። በ1949 ደግሞ የልጆቹን አስተዳደግ ከማቀዝቀዣ ጋር አመሳሰለው። "የማቀዝቀዣ እናት" የሚለው አባባል ከዚያ ተነሥቶ ተዛመተ። በ1967 ብሩኖ ቤተልሃይም ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፍ ልጁ ወደ ራሱ የሸሸው ከቤተሰቡ ጠልነት ለመዳን ነው የሚለውን ሐሳብ ለብዙኃኑ አንባቢ አደረሰው።

አሁን ትከሻውን መልሳችሁ አስቡት። አንዲት እናት ልጇን ስታቅፍ ሰውነቱ ይደርቅባታል፣ ወይም እንደ ከረጢት ይንጠለጠልባታል። ደንግጣ ሐኪም ዘንድ ትሄዳለች። ሐኪሙ "እንዴት ነው የምታቅፊው?" ብሎ እሷኑ መመርመር ይጀምራል። የልጁ ሰውነት የተናገረው ነገር በእናትየው ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

ይህን ክስ ካፈረሱት ሰዎች አንዱ በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያና የኦቲስቲክ ልጅ አባት ነበር፤ በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩ ከአእምሮ አሠራር እንጂ ከአስተዳደግ እንዳልመጣ ተከራከረ። ካነር ራሱ በ1969 በወላጆች ማኅበር ጉባኤ ላይ ቆሞ ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነፃ ናችሁ አላቸው። በዚያን ጊዜ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብላ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረች እናት ብዙ ነበረች።

*

ሁለት ሎስ አንጀለሶች

እናቶች ቀስ በቀስ ነፃ ወጡ። ልጆቹስ?

በ1965 በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢቫር ሎቫስና ባልደረቦቹ በአምስት ዓመት መንታ ልጆች ላይ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። ልጆቹ ይወዛወዛሉ፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ይደጋግማሉ፣ ይቆጣሉ። ተመራማሪዎቹ ወለሉን በኤሌክትሪክ አዘጋጁት፤ ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ቆመው ሲወዛወዙ ወይም ሲጠሩ ሳይመጡ ሲቀሩ ኤሌክትሪኩ ይነካቸዋል። መወዛወዙ ቀነሰ። ሙከራው እንደ ስኬት ተጻፈ።

ልጆቹ ለምን እንደሚወዛወዙ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የጠየቀ አልነበረም። እንቅስቃሴው መጥፋት ያለበት ጠባይ ተደርጎ ተቆጠረ። ዛሬ ኦቲስቲክ አዋቂዎች ራሳቸው ሲናገሩ ስንሰማ፣ እጅ ማራገብና መወዛወዝ ለብዙዎቹ ድምፅና ብርሃን ሲበዛባቸው የሚረጋጉበት፣ ሰውነታቸውን መልሰው የሚያገኙበት መንገድ ነው። እስቲ ሲጨንቃችሁ እግራችሁን የምታንቀጠቅጡበትን አስቡ፤ ለዚያ በኤሌክትሪክ ብትቀጡስ?

በዚያው ከተማ ጂን አይረስ የምትባል ሴት ደግሞ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ይዛ ነበር። አይረስ ሰዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ማከናወን እንዲችሉ የምትረዳ ባለሙያ ናት፤ ሙያው ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በ1972 ባሳተመችው መጽሐፍ የስሜት ሕዋሳት አምስት ብቻ እንዳልሆኑ አጥብቃ አስረዳች። ጆሯችን ውስጥ ያለው የሚዛን ስሜት አለ። ጡንቻና መገጣጠሚያችን የሚልኩት መረጃም አለ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን በጣታችሁ የምትነኩት በእሱ ነው፣ ስሙም ፕሮፕሪዮሴፕሽን ይባላል። አንጎል እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ካላቀናጀ ልጁ ይደናቀፋል፣ ይሸሻል ወይም ይሽከረከራል አለች። የእሷ ሕክምና ምን ያህል ይሠራል የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጥያቄዋ ግን ጸንቷል፦ ይህ ልጅ ሰውነቱ ውስጥ ሆኖ ምን ይሰማዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከውስጥ መልስ ከሰጡት ቀዳሚዋ ቴምፕል ግራንዲን ናት። በ1947 ቦስተን የተወለደች ኦቲስቲክ ሴት ናት፤ ዛሬ በእንስሳት ሳይንስ ስመ ጥር ፕሮፌሰር ነች። ልጅ ሳለች መታቀፍ ትፈልግ እንደነበር፣ ሲያቅፏት ግን ስሜቱ እንደ ማዕበል ይደፋባትና ትሸሽ እንደነበር ጽፋለች። በጉርምስናዋ አሪዞና ወደሚገኘው የአክስቷ የከብት እርባታ ሄደች። ከብቶች ሲከተቡ ሁለት ጎናቸውን ጥብቅ አድርጎ በሚይዝ ማቆያ ውስጥ ገብተው እርጋታ ሲያገኙ አየች። ለራሷም ገባችበት። ከዚያ ከእንጨት የራሷን መጭመቂያ ሠራች፤ የግፊቱን መጠን የምትወስነው እሷው ናት። አንዳንድ የትምህርት ቤት ሰዎች ነገሩን አልወደዱትም፤ አንድ የሳይንስ መምህሯ ግን "ለምን እንደሚያረጋጋሽ አጥኚው" አላት። በ1992 ስለ ጥልቅ ግፊት የሳይንስ ጽሑፍ አሳተመች።

እንግዲህ የካነር ጽሑፍ ከወጣ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያቺ ሕፃን አድጋ መልሱን ሰጠች። መታቀፍ ትፈልግ ነበር። ያቃታት እቅፉ የሚመጣበት መንገድና መጠኑ ነው።

*

የአስተናጋጁ ትሪ

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። አንድ አስተናጋጅ በአንድ እጁ ትሪ ይዟል፤ ትሪው ላይ ሙሉ ጠርሙስ አለ። ጠርሙሱን በራሱ በሌላው እጁ ሲያነሣው ትሪው አይዘልም። ሌላ ሰው ድንገት ቢያነሣበት ግን ወደ ላይ ይዘላል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ራሱ ሲያነሣ አንጎሉ ክብደቱ መቼ እንደሚቀል ቀድሞ ስለሚያውቅ የክንዱን ጡንቻ በትክክለኛዋ ቅጽበት ያላላዋል።

በ2003 ክሪስቲና ሽሚትስና ሌሎች የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጨዋታ ለኦቲስቲክ ልጆች ሰጧቸው። ልጆቹ ክንዳቸውን ማረጋጋት ችለዋል። ዘዴያቸው ግን ሌላ ነበር። ክብደቱን ቀስ ብለው ያነሡታል፤ ጡንቻቸውም ቀድሞ ከመዘጋጀት ይልቅ ለውጡ ሲሰማው ነው መልስ የሚሰጠው። ቀድሞ መተንበይን ትተው እያዩ በማረም ይሠሩታል ማለት ነው። ሥራው ተሠርቷል፣ በሌላ መንገድና በዝግታ። ካነር ያየው ትከሻም እኮ ይኸው ነው፦ ሊመጣ ላለው ቀድሞ አለመሰናዳት።

ቀጣዩ ምዕራፍ ራሷ ባልቲሞር ውስጥ ነው። በ2009 ከጆንስ ሆፕኪንስና ከኬኔዲ ክሪገር የመጡ ተመራማሪዎች ልጆች የሮቦት ክንድ ይዘው አዲስ እንቅስቃሴ እንዲማሩ አደረጉ። ኦቲስቲክ ልጆች ሲማሩ በዓይናቸው ከሚያዩት ይልቅ በገዛ ጡንቻቸውና መገጣጠሚያቸው ስሜት ላይ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይተማመኑ ነበር። ይህ ዝንባሌ በጠነከረባቸው ልጆች ላይ የማኅበራዊ ግንኙነት ችግሩም ጠንከር ያለ ነበር።

ይህ ምን ማለት ነው? እስክስታ እንዴት እንደተማራችሁ አስቡ። "ይህን ጡንቻ አሁን ሳብ፣ ያንን ልቀቅ" ያላችሁ ሰው የለም። ሠርግ ላይ ቆማችሁ የሰው ትከሻ አይታችሁ፣ ያያችሁትን ወደ ራሳችሁ ትከሻ አዛወራችሁት። ሰላምታ አሰጣጡ፣ ጎንበስ ማለቱ፣ ከትልቅ ሰው ፊት አቀማመጡ፣ እኛ ጨዋነት የምንለው ነገር ግማሹ እንዲህ በዓይን ተሰርቆ የሚለመድ የሰውነት ሥራ ነው። ሰውነቱ ከዓይኑ ይልቅ ውስጡን የሚያምን ልጅ ይህን ሁሉ የሚማረው በሌላ በር ገብቶ ነው። እኛ ደግሞ በር መሳቱን ሳናይ "ባለጌ" እንለዋለን።

በ2012 እዚያው ኬኔዲ ክሪገር የስድስት ወር ሕፃናትን አጠኑ፤ ታላላቆቻቸው ኦቲስቲክ ስለሆኑ እነሱም የመሆን ዕድላቸው ከፍ ያለ ሕፃናት ናቸው። ጀርባቸው ላይ ካስተኟቸው በኋላ ሁለት እጃቸውን ይዘው ቀስ ብለው ወደ መቀመጥ ሳቧቸው። በኋላ ኦቲዝም ከተገኘባቸው መሀል አብዛኞቹ፣ ሲሳቡ ራሳቸው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሕፃን ራስ ወደ ኋላ መቅረት ብቻውን ኦቲዝም አለ አያሰኝም፣ ሌላ ብዙ ምክንያት አለው። ታሪኩ ግን ክብ ሠርቷል። ከ69 ዓመት በፊት እናቶች "ስናነሣው አይዘጋጅም" ባሉባት ከተማ፣ ሳይንቲስቶች ሕፃን እያነሡ ለካ።

ዛሬ ማስረጃው በዝቷል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ ከወላጆች በተሰበሰበ ሰፊ መጠይቅ፣ ከ100 ኦቲስቲክ ልጆች 87ቱ ያህል የእንቅስቃሴ ችግር ስጋት ታይቶባቸዋል። የውስጥ ስሜትን፣ ረሃብን፣ የልብ ምትን፣ ሽንት ቤት መሄድ ማስፈለጉን መለየትም ለብዙዎች የተለየ ነው። ሆኖም ሐኪሞች ኦቲዝምን ለመወሰን በሚጠቀሙበት የአሜሪካ መመሪያ ውስጥ ለድምፅ፣ ለንክኪና ለመሳሰሉት ያለው የተለየ ምላሽ እንደ አንድ መለያ የገባው በ2013 ነው። ኳስ መያዝ ማቃተት፣ መሰናከል፣ መጻፍ መቸገር ግን ዛሬም ከመለያዎቹ ውስጥ የሉም። ሱካሬቫ በ1925 የጻፈችው ገጽ እስካሁን በሩ ላይ ቆሟል።

*

በእኛ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ በ2002 ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ የተነሡት ከገዛ ልጃቸው ነው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት አጥተው ከአንዱ ወደ ሌላው ተንከራተዋል። ያኔ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ልጁን ከጎረቤት ዓይን ይደብቅ ነበር፤ እሳቸው ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ሲናገሩ፣ ሲያስተምሩ ኖሩ።

እኛ ዘንድ የሚወዛወዝና እጁን የሚያራግብ ልጅ ሁለት ስም ይወጣለታል። አንዱ መንፈስ ነው፤ ሌላው ቅድም ያየነው "አሳዳጊ የበደለው" ነው። ሁለቱም ያው ካነር የገባበት ጎዳና ናቸው፦ ሰውነቱ የሠራውን አይተው ነፍሱ ላይ ይፈርዳሉ። ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ስታዩ፣ ሰላም ሲሉት እጁን የማይዘረጋ ወጣት ሲገጥማችሁ፣ ከፍርዱ በፊት አንዲት ጥያቄ ትቅደም። ምን ሆነና ነው ሳይሆን፣ ምን ተሰምቶት ነው?

*

የካነር የመጀመሪያው ልጅ፣ ድስት ያሾር የነበረው፣ ሙሉ ስሙ ዶናልድ ትሪፕሌት ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ ኖሮ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። ባንክ ውስጥ ሠራ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው መኪና መንዳት ተማረ፣ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ። ጎልፍም ለመደ። እርጅናው ላይ ሄደው ያገኙት ጋዜጠኞች እንደጻፉት፣ ኳሷን ከመምታቱ በፊት የራሱ የሆነ ሥርዓት ነበረው፤ ዱላውን አነሣሡና አወዛወዙ ሌላ ማንም የማያደርገው ዓይነት ነው። ከዚያ ይመታታል። የከተማው ሰው ለምዶታል፤ ተራውን ጠብቆ ከጎኑ ይጫወታል።

ሐኪም በ1943 "አይዘጋጅም" ብሎ ከጻፈላቸው ልጆች መሀል አንዱ፣ በራሱ ጊዜና በራሱ መንገድ ተዘጋጅቶ ትከሻውን ሲያነሣ ያየው ከተማ አልቸኮለበትም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለኔ የቀረኝ ይህ ነው።